በእኛ ተራ የወደቀው ድኩላ

የእህቴ ባል እጄን በእጁ ይዞ የበግ አንገት እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳየኝ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ኮልፌ፣ ቤታችን ጓሮ፣ የአረፋ ዕለት ጠዋት። “ቢላዋውን ስለህ ስትጨርስ ከኋላህ ደብቀው፤ በጉ ማየት የለበትም” አለኝ። በጉን በግራ ጎኑ አስተኝተን ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞርነው። “ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር” ያልነው እኩል ነው። ሲያልቅ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነን” አለ። ያን ቀን ምግብ ሳልበላ ብውል እንኳ የሚርበኝ አይመስለኝም ነበር።

እናታችን ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እህቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ኮልፌ ተድራ ትኖር ነበር። እኔን ይዛ ስትመጣ ባሏ ምን እንደሚል ፈርታ በሩ ላይ እንደቆመች አስታውሳለሁ። እሱ ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ አየኝና “ግባ እንጂ፣ ማንን ትጠብቃለህ?” አለኝ። ሲመሽ ከራሱ ልጆች ጋር እኩል አቀረበልኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጋሼ አልኩት፤ ጋሼም ሆነልኝ። ቁራን ያስቀራኝ እሱ ነው፤ ሱሪ መቁረጥ፣ እጅጌ መግጠም፣ የሰው ዓይን እያዩ መናገር ያስተማረኝም እሱ ነው።

በሰፈራችን የእሱን እጅ የማያምን አልነበረም። ኮልፌ የነጋዴ ሰፈር ነው። ባሎቻቸው እህልና ጨርቅ ይዘው ለሳምንት ለሁለት ሳምንት የሚጠፉ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ዶሮ ሊሠሩ ሲሉ አራጅ ያጣሉ። እግሯ የታሰረ ዶሮና ቢላዋ ይዘው በረንዳችን ድረስ ይመጡና “እባክህ አንዴ ተነሥልን” ይሉታል። የጀመረውን ስፌት አቋርጦ ይነሣል፣ ታጥቦ ውዱእ ያደርጋል፣ ያርዳል፣ ምንም ሳይቀበል ወደ መኪናው ይመለሳል። ከሩቅ ሰፈር የሚመጡም ነበሩ። “እሱ ያረደውን ስበላ ልቤ ያርፋል” ስትል አንዲት አሮጊት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አደን የጀመርነው በዚያው በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በአሥር አለቃው ምክንያት ነው። አሥር አለቃው ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም መውረጃ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ፤ ክርስቲያን ናቸው። አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነበራቸው። ጋሼ ካፖርታቸውን ሲጠግንላቸው ወሬ ጀመሩና ጓደኛ ሆኑ። እሳቸው ጠመንጃ አላቸው፣ ሸክም የሚችል ጉልበት ግን የላቸውም። እኛ ጉልበት አለን፣ ጠመንጃ የለንም። እንዲህ ሆነን ሦስታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን በአስኮ አድርገን ወደ ቡራዩ እንወጣለን። የአምቦ አውቶቡስ ከተገኘ እስከ ገፈርሳ ድረስ እንሳፈራለን፤ ካልተገኘ በእግር ነው። ከገፈርሳ ውሃ ማዶ ወደ መናገሻና ወደ ወጨጫ ግርጌ ያለው ጥድና ቁጥቋጦ ውስጥ ድኩላና ሚዳቋ ይገኝ ነበር፤ እነዚያ ከጠፉ ደግሞ ቆቅ አይጠፋም። ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረንም። የደን ጠባቂ ድምፅ ስንሰማ ሣር ላይ ተኝተን እናሳልፋለን።

የእኛ አደን እንደ ትልልቆቹ ሰዎች አልነበረም። አንበሳና ጎሽ የገደለ ይፎክራል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ይዘፈንለታል። ለሚዳቋ ማንም አይዘፍንም። እኛ የምንፈልገው ሥጋ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ ቤት የልኳንዳ ሥጋ የሚታየው በዒድ ነበር።

ሕጋችን ግን ጥብቅ ነበር። እስላም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያንም እስላም ያረደውን አይበላም። ስለዚህ በተራ አደረግነው። በአንዱ ቅዳሜ የተገኘውን አሥር አለቃው በስመ አብ ብለው ያርዳሉ፤ ሥጋው የእሳቸው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ያርዳል፤ ሥጋው የእኛ ነው። ጥይቱ የእሳቸው ስለሆነ ቆዳው በየትኛውም ቅዳሜ የእሳቸው ነው። በእነሱ ጾም እሳቸው አይወጡም፣ በረመዳን እኛ አንወጣም። እርጉዝ የሆነች እንስሳ አይተኮስባትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሄ ነበር፤ እንስሳው ቢላዋ ሳይነካው በፊት ከሞተ በክት ነው። ለእኛም ለእሳቸውም አይሆንም፤ እዚያው ተጥሎ ለጅብ ይቀራል።

ስለዚህ ከተኩሱ ይልቅ ሩጫው ያስጨንቃል። ጠመንጃው ሲጮህ ቢላዋ የያዘው ሰው ነፍስ ሳትወጣ ለመድረስ ገደል አይል እሾህ አይል ይሮጣል። ጋሼ እንዴት እንደሚለይ አስተምሮኛል። “ዓይኑን በጣትህ ጫፍ ንካው። ከጨፈነ ነፍስ አለ። ካልጨፈነ ጅራቱን እይ፣ እግሩን እይ። ሦስቱም ዝም ካሉ ቢላዋህን ወደ አፎቱ መልስ። ሥጋ አይተህ እንዳትታለል” ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ የሚያምር የሚዳቋ ወጠጤ ወድቆ ደርሰንበት ሦስታችንም ከበብነው። ጋሼ ዓይኑን ነካ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቢላዋውን መለሰ። ትተነው ወረድን። መንገዱን ሙሉ በኩራት ነበር የምሄደው። ባዶ እጃችንን መሆናችን እንኳ ኩራት ሆነብኝ።

የእኛ ተራ ሆኖ ሥጋ ይዘን ስንገባ ሰፈሩ ያውቃል። አንድ ታፋ ወደ መስጊዳችን ሼህ ቤት ይሄዳል። ጉበቱ ለአራስ ነው፤ አራስ ከሌለ ለታመመ። ከኛ በታች ያለችው ባሏ የሞተባት ሴት ድርሻ አላት። እኔ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ደግሞ አንድ ድርሻ ተጨመረ። ከአንድ እህል ነጋዴ ቤት ሽማግሌ ልከን ልጃቸውን ሰጥተውን ነበርና፣ የጎድኑን ሥጋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ እኔው ራሴ አደርስ ነበር። ልጅቷ በር ከፍታ ትቀበለኝና “እጅህን ይባርከው” ትለኛለች። ያረደው ጋሼ መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ትለኛለች።

ያ ድኩላ የወደቀው በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይጠነክር ነው። ተራው የእኛ ነበር። እህቴ አራተኛ ልጇን ወልዳ አሥረኛ ቀኗ ስለነበር ጋሼ ከቤት ስንወጣ “ዛሬ ባዶ እጄን አልገባም” ብሏል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ዳገት ላይ ያነክሳል።

አሥር አለቃው ከሸንተረሩ ሆነው ተኮሱ። ድኩላው ዘሎ ተነሣ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጠና ወደ ገደሉ ተንከባለለ። ጋሼ መሮጥ ሲጀምር ጉልበቱ ከዳውና ተቀመጠ። “አንተ ሩጥ!” አለኝ። ቢላዋውን አልሰጠኝም፤ ለመቀበልም አልቆምኩም። “ደርሰህ ያዘው፣ መጣሁ!” እያለ ሲጮህ ይሰማኛል።

ገደሉ ሩቅ ነው። ስደርስ ድኩላው አንገቱን ከሥሩ አጥፎ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ዓይኑን ነካሁት። አልጨፈነም። ደግሜ ነካሁት። ጣቴ ላይ የቀረው አቧራ ዓይኑ ላይ ሲለጠፍ አየሁ። ጅራቱን አየሁ፣ የኋላ እግሩን አንሥቼ ለቀቅኩት፤ እንደ እንጨት ወደቀ። አፉ ላይ ዝንብ አርፏል። ቀና ብዬ “ሞቷል፣ ጋሼ! ሞቷል!” ብዬ ጮህኩ።

እያነከሰ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ አየው፤ ዓይኑን አልነካም። ከዚያ ወደ ላይ ተመለከተ። አሥር አለቃው ገና ከላይ ቁጥቋጦ እየገለጡ እየወረዱ ነበር።

“ገመዱ የታለ?” አለኝ።

“ከላይ፣ ከጆንያው ጋር።”

“ሂድና አምጣው።”

“ለምን? ሞቷል እኮ።”

“ሂድ አልኩህ።”

ሄድኩ። ገመዱን ይዤ ስመለስ አንገቱ ተቆርጧል። ጋሼ ቢላዋውን በሣር እየጠረገ ነው፤ አሥር አለቃውም ደርሰው አጠገቡ ቆመዋል። ድንጋዩ ላይ ያለው ደም አንድ ሲኒ አይሞላም፤ ጠቁሮ ረግቷል። በሕይወት ያለ እንስሳ ሲታረድ ደሙ እንዴት እንደሚወጣ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ።

“ነፍስ ነበረው። አንተ አላየኸውም” አለኝ ጋሼ። ድምፁ ሱሪ አጥሯል ረዝሟል እንደሚልበት ጊዜ ያለ የዕለት ተዕለት ድምፅ ነበር።

አሥር አለቃው ደሙን አዩ፣ እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። “እንግፈፈው እንግዲህ፣ ፀሐይ ሳይበረታ” አሉ።

ተሸክሜ የወረድኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሞግት ነበር። ምናልባት ጣቴን በደንብ አላስጠጋሁም ይሆናል። ምናልባት ገመድ ላመጣ ስወጣ ተነፈሰ ይሆናል። ጋሼ አሳስቶኝ አያውቅምና እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ማለት ቀለለኝ። አስኮ ስንደርስ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ጥር “ጨው ረስቻለሁ፣ ከእረኞቹ ጠይቅ” ብሎ ልኮኝ ነበር። ከዚያ በፊት “ውሃ አምጣልኝ” ብሎ ወንዝ አውርዶኛል። አንድ ቀን ደግሞ “ጠባቂ መጥቶ እንደሆነ እይ” ብሎኛል። ስመለስ ሁልጊዜ ታርዶ ይጠብቀኛል። ትቶት የወረደው ያን የሚዳቋ ወጠጤ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ሦስታችንም ከበን ቆመን ነበር።

ቤት ስንገባ እንደ ወትሮው ደስታ ሆነ። ታፋው ለሼሁ ተላከ። ጉበቱ ለእህቴ ተጠበሰ። የጎድኑን ሥጋ ለእጮኛዬ ቤት አድርስ ሲሉኝ ሆዴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ፤ ሌላ ሰው አደረሰው። ከሳህኑ አንድም ጉርሻ አልነካሁም።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ገበያ ሲሄድ እህቴ ከተኛችበት ጠራችኝ። ሕፃኑን እያጠባች ነበር።

“ምን ሆነህ ነው የማትበላው?”

“እትዬ፣ ያ ድኩላ በክት ነው” አልኳት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ደሙ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው።

“ለማን ነገርክ?”

“ለማንም።”

“እንግዲያው ለማንም አትንገር።”

“ጉበቱን በልተሻል እኮ!”

“አልበላሁም” አለች። “ለድመቷ ነው የሰጠሁት።”

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። እህቴ የአደን ሥጋ እንደማትወድ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። “ይሸተኛል” ትላለች፤ ወጡን ትሠራለች፣ ለሁሉም ታቀርባለች፣ እሷ ሽሮዋን ትበላለች። ሥጋ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ደሙ ውስጡ የቀረ ሥጋ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቃለች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?” አልኳት።

“ምን ታደርገዋለህ ማወቁን?”

“እኔን አብልተሽኛል።”

“ልጅ ነበርክ፤ ይርብህ ነበር።” ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፤ ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። “እሱ ባይሆን የት ትወድቅ ነበር? እኔስ? ሰው ሁሉ የሚያከብረውን ባሌን ላዋርደው? ሂድ፣ ልጁ ሊተኛ ነው።”

ስለ ድኩላው ከማስበው በላይ ይሄን አሰብኩት። አራት ዓመት ሙሉ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሽሮዋን ስትበላ “ጨምር፣ ብላ” ስትለኝ ኖራለች።

እኔ ዝም ብልም ነገሩ ወጣ። አሥር አለቃው ቀራንዮ አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ ሲጫወቱ “የጎረቤቶቼ ድኩላ ሁለት ጊዜ ነው የሞተው፤ አንዴ በጥይት፣ አንዴ በቢላዋ” ብለው ሰው አሳቁ። የሳቀው ሰው ለሌላ ነገረ፣ ያኛው ለሌላ፤ ከሳምንት በኋላ ሼሁ ጆሮ ደረሰ። ሼሁ ታፋውን የበሉ ሰው ናቸው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጋሼንና እኔን ግቢያቸው አስጠሩን።

ምንጣፍ ተዘርግቶ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አንዱ የእጮኛዬ አባት ናቸው። ሼሁ ተቆጥተው አልነበረም። “ይህን ያህል ቤት የበላውን ነገር እውነቱን ማወቅ አለብን” አሉ። “ያ ድኩላ ሲታረድ ነፍስ ነበረው?”

ጋሼን አየሁት። ይናገራል ብዬ አሰብኩ። ስቻለሁ፣ ልጆቼን አስቤ ነው፣ ይቅር በሉኝ ይላል ብዬ አሰብኩ። እንዲያ ቢል ኖሮ ከጎኑ ተንበርክኬ አብሬው ይቅርታ እጠይቅለት ነበር።

እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሼህ” አለ። “ጉልበቴን አሞኝ ከኋላ ቀረሁ። ቢላዋውን ለእሱ መስጠት አልነበረብኝም። ወጣት ነው፣ ባዶ እጃችንን እንዳንገባ ብሎ ነው። ክፋት የለበትም። እኔ አሳድጌዋለሁ፣ ቅጣቱን እኔ ልሸከምለት።”

ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው “አላህ ይባርክህ” ብለው መረቁት። እጁ ትከሻዬ ላይ ሞቅ ብሎ አለ፤ ያ የማውቀው እጅ። “እኔ አላረድኩም” ስል ድምፄ ለራሴም የውሸታም ድምፅ መሰለኝ። “ቢላዋውን አልያዝኩም። ሞቷል ብዬ ጮኼ ነበር። አሥር አለቃውን ጠይቋቸው።”

አሥር አለቃው ተጠሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ቆሙ።

“ማን ነው ያረደው?” አሉ ሼሁ። “እንደ ጎረቤት ነው የምንጠይቅዎ።”

አሥር አለቃው ጋሼን አዩት። ካፖርት የሚጠግንላቸው፣ ቅዳሜ ጆንያቸውን የሚሸከምላቸው ሰው ነው። “እኔ ከላይ ነበርኩ፣ ሼህ። ስደርስ ታርዶ ነበር። ማን እንዳረደው አላየሁም” አሉ።

“ጋሼ ቢላዋውን ሲጠርግ አጠገቡ ቆመው ነበር እኮ!” አልኳቸው።

“እኔ በእናንተ ሃይማኖት ምን አገባኝ፣ ልጄ” አሉና ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

በመጨረሻ ሰው እህቴ ጋ ተላከ። አራስ ስለሆነች መምጣት አልቻለችም፤ የሼሁ ባለቤት ሄደው ጠየቋት። ሲመለሱ አላዩኝም። “ያረደው ወንድሜ መሆኑን ያን ዕለት ራሱ ነግሮኛል ብላለች” አሉ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ በደንብ አልሰማሁም። ጥፋቴን አምኜ ተውባ እንዳደርግ፣ እንድጾም፣ እስኪፈቀድልኝ ድረስ ማንም እኔ ያረድኩትን እንዳይበላ ተወሰነ። ጋሼ እንዲጾም አልተባለም፤ እሱ ግን በፈቃዱ አብሬው እጾማለሁ አለ። ለዚህም ተመረቀ። የእጮኛዬ አባት ሲወጡ ጫማቸውን እያጠለቁ “ልጄን በክት አብልተሃታል” አሉኝ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ቃሉ መፍረሱን ነገሩን። ልጅቷን ከዚያ በኋላ በር ከፍታ አላየኋትም።

ከቤት የወጣሁት በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። አስኮ አንድ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ሥራ አገኘሁ፤ እዚያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ልብሴን ስጠቀልል ጋሼ በረንዳው ላይ እየሰፋ ነበር። መኪናውን አላቆመም። እህቴ ሕፃኑን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች፤ “ተቀየምከኝ?” አለችኝ። “ምን ብዬ ነው የምቀየምሽ?” ብያት ወጣሁ። ውሸቴን ነበር።

በኮልፌ ማለፍ ከበደኝ። የማውቃቸው ሴቶች ዶሮ ይዘው አራጅ ሲፈልጉ ባገኛቸው ወደ ሌላ ወገን ዘወር ይላሉ። እኔ ካለፍኩ በኋላ ጋሼ ያለበት በረንዳ ድረስ ይሄዳሉ። ይህን ዓይቼ እስከ መቼ ድረስ ዝም እንደምል ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። ግን ለማን ነው የምናገረው? የሚያምነኝ ሰው ቢገኝ እንኳ ያ ሰው በልቷል። አራት ዓመት የበላኸው በክት ነው ብዬ ሰው ቤት ገብቼ ልንገር? አንዳንድ ቀን ከውሸቱ ጋር የሚኖሩት ሰዎች እኔ ከእውነቱ ጋር ከምኖረው የተሻለ እንቅልፍ የሚተኙ ይመስለኝ ነበር።

አደኑን አልተዉም። አሥር አለቃውና ጋሼ ሌላ ሰው ይዘው ወጡ። ቅዳሜ ጠዋት በአስኮ ሲያልፉ ከመስኮት አይቻቸዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት የጋሼ ጉልበት ጨርሶ እንቢ አለና አደኑ ቆመ።

ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ እህቴ አስኮ ድረስ መጣች። ጋሼ መቀመጥም አቅቶታል፣ ስፌቱ ተቆልሏል፣ ደንበኞቹ ሊሄዱ ነው አለችኝ። ስላለፈው አንድ ቃል አላነሳችም። የእሷን መጥቆር፣ የሻሿን ማርጀት አየሁ። ሄድኩላት። ለሁለት ወር ከሥራዬ ስወጣ በየቀኑ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የእሱን ስፌት ሰፋሁ። ምግብ ሲቀርብ በልቻለሁ እላለሁ። እህቴ አልለመነችኝም፤ ምክንያቱን ታውቃለች።

ጋሼ ከውስጥ አልጋ ላይ ሆኖ የመኪናውን ድምፅ ያዳምጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሁሉ ወጥተው ሳለ ጠራኝ።

“ስፌትህ ፈጥኗል” አለኝ።

“አዎ።”

ከዚያ ወደ ግድግዳው እያየ “አንተ ወጣት ነህ፣ ይረሱልሃል ብዬ ነው” አለ። “እኔን ግን አይረሱልኝም ነበር። ስድስት ነፍስ በእጄ ነበር። ማን እኔ ጋ ልብስ ያሰፋ ነበር?”

“ለእኔ ብቻ ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት። “ሼሁ ከመጥራታቸው በፊት፣ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ‘እንዲህ አድርጌያለሁ፣ ያዝልኝ’ ብትለኝ እኔው እይዝልህ ነበር። በራሴ አፍ እኔ ነኝ እል ነበር።”

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ይህን አስቦት እንደማያውቅ ከፊቱ አየሁ።

“አሁንስ?” አለ ቆይቶ።

“አሁን ስፌቱን ልጨርስ” ብዬው ወጣሁ።

ያለው እውነት ሆነ፤ ሰው ረሳልኝ። አዲስ የመጡ ጎረቤቶች ታሪኩን አያውቁም፣ የድሮዎቹም ሌላ የሚያወሩት አገኙ። ሼሁ ከመሞታቸው በፊት መስጊድ በር ላይ አቁመውኝ “ልጄ፣ ያን ቀን ቸኩለን ይሆን?” ብለው ጠይቀውኛል። “እሱን እርስዎ ያውቃሉ” አልኳቸው። የእጮኛዬ ቤት ግን አልተመለሰልኝም፤ እሷ መርካቶ ለአንድ ነጋዴ ተዳረች። እኔ ከአስኮ አገባሁ። ለሚስቴ ይህን ታሪክ የነገርኳት ከሁለት ልጅ በኋላ ነው። ሰምታኝ ስታበቃ የጠየቀችኝ ስለ ጋሼ አልነበረም፤ “እህትህ ሽሮዋን ስትበላ ፊቷ ምን ይመስል ነበር?” አለችኝ። ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ጋሼ ሲሞት ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ብዙ ሰው መጣ። ሴቶቹ “እጁ የታመነ ሰው” እያሉ አለቀሱለት። እህቴ ያኔ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። በየዒዱ እሄድላታለሁ፤ ልጆቿን እወዳቸዋለሁ፤ እግሯን ሲያማት ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። ስለዚያ ድኩላ ግን አንድም ቀን አንሥታልኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።